«ሲስተም እንገጥምላችኋለን» ለሚሏችሁ ሳይፈተን ሙሉ ክፍያ እንዳትከፍሉ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ ሱቅ ወይም ማከፋፈያ ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብቡ፤ ለምታውቁት ነጋዴም አስተላልፉ። ሰሞኑን ላፕቶፕ ይዘው በየቤቱ የሚዞሩ «አውቶሜሽን እንሠራለን» ባዮች በዝተዋል። ሽያጭ ስትመዘግቡ ስቶኩ (መጋዘን ያለው የዕቃ ቁጥር) ራሱ ይቀንሳል፣ ዱቤ የወሰደ ሰው ቀኑ ሲደርስ በስልኩ መልእክት ይደርሰዋል፣ ያዘዘ ደንበኛ ማረጋገጫውን በቴሌግራም ያገኛል፣ ማታ የቀኑ ሂሳብ ተጠቃልሎ እጃችሁ ይገባል ይሏችኋል። ይህ ውሸት አይደለም። ኦዱ፣ ዛፒየር፣ ኤንኤይትኤን የሚባሉት ፕሮግራሞች በደንብ ከተሠራባቸው ይህን ያደርጋሉ። የከፋው ውሉ ነው። አንድ ሽያጭ መዝግበው፣ አንድ መልእክት አሳይተው፣ «ይኸው ሠራ» ብለው ሙሉ ብሩን ተቀብለው ይሄዳሉ።

እኔ ደሴ ውስጥ የግንባታ ዕቃ በጅምላ በሚያከፋፍል ቤት ሂሳብ እይዛለሁ። የገጠሙልንን ልጆች ስም አልጠራም፤ አሠራሩ የአንዳቸው ብቻ ስላልሆነ ስም መጥራቱ ሌላውን ነጻ ያወጣዋል። የደረሰውን ግን ልንገራችሁ።

ከባቲና ከከሚሴ የሚመጡ ደንበኞቻችን ቆርቆሮና ሚስማር በዱቤ ይወስዳሉ። የባቲዎቹ መክፈያ ብዙ ጊዜ ከሰኞ ገበያቸው በኋላ ነው። ቀኑን የምንጽፈው እንደ ሁላችሁም በራሳችን አቆጣጠር ነው፤ መስከረም 5 ቀን 2018 ከሆነ 05/01/2018። ሲስተሙ የሚያውቀው ግን የፈረንጁን ብቻ ነበር። በእሱ ዘንድ 2018 ካለፈ ዓመታት ሆኖታል። ስለዚህ ገና ቀናቸው ያልደረሰ ዱቤዎች ሁሉ ዓመታት ያለፉባቸው ሆነው ታዩትና «ክፍያዎ እጅግ በመዘግየቱ ጉዳዩ ለሕግ ክፍል ተላልፏል» የሚል መልእክት ለደንበኞቻችን በተነ። ሕግ ክፍል እንኳ የለንም! ልጆቹ ከሌላ ቦታ የገለበጡት ጽሑፍ ነው።

አንድ የባቲ ሐጂ ስልካቸውን ይዘው ሱቁ ድረስ መጡ። «አንተ ልጅ፣ ከአባትህ ጋር ስንሠራ ወረቀት እንኳ አልነበረንም፤ ዛሬ ልትከሰኝ ነው?» አሉት ባለቤቱን።

«ወላሂ ሐጂ፣ እኔ አልላክሁትም።»

«ታዲያ ማን ላከው?»

«ኮምፒውተሩ ነው።»

«ኮምፒውተሩ ዱቤ ሰጥቶኝ ያውቃል?»

ሐጂ ይቅር ብለውናል። ሌሎቹ ዕቃቸውን ከሌላ ቤት መግዛት ጀምረዋል፤ ይህንን ደግሞ የትኛውም ባለሙያ አይመልስልንም።

ጳጉሜማ የባሰች ናት። ጳጉሜ 3 ቀን 2017ን 03/13/2017 ብላችሁ ስታስገቡ፣ እንደ አሜሪካኖቹ ወርን የሚያስቀድም ሲስተም ያለ አንዳች ቅሬታ ማርች 13 ብሎ ይቀበላችኋል። ቀንን የሚያስቀድመው ደግሞ 13ኛ ወር አላውቅም ብሎ መስመሩን ሊዘለው ይችላል፤ መዝለሉን የሚያሳውቅ ነገር ካልተሠራለት ያ ዱቤ ከነጭራሹ ይረሳል። ሰዓቱም ያው ነው። «ጠዋት 3 ሰዓት ይላክ» ስትሉ 3:00 ተብሎ ከተሞላ መልእክቱ የሚሄደው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። ሲስተሙ የሚሠራው ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ በሆነው በግሪኒች ሰዓት ከሆነ ደግሞ ንጋት 12 ሰዓት ይሆናል። በሌሊት የዕዳ መልእክት የሚልክ ነጋዴ ተብላችሁ ስትታሙ አስቡት።

ይህ ሁሉ በዴሞው ቀን፣ ሠርተው ባሳዩን ዕለት፣ ለምን አልታየም? ያሳዩን በራሳቸው መዝገብ ስለሆነ ነው። ቀኑን ከካላንደሩ ላይ ጠቅ አድርገው መረጡት፣ ስሙን አስተካክለው ጻፉት፣ መልእክት የገባበት ስልክም የራሳቸው ነበር። ቴሌግራም ላይ ቦት (በሰው ፈንታ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም) ለሰው ቀድሞ መጻፍ አይችልም፤ ሰውየው ራሱ ቦቱን ከፍቶ «ስታርት» ካላለ ምንም አይደርሰውም። የሻጩ ስልክ ስታርት ብሏል፤ መርሳ ከተማ ያለው ደንበኛችሁ ግን ቦት መኖሩንም አያውቅ። ኤንኤይትኤን ላይ ደግሞ መረጃ የሚቀበለው አድራሻ ሁለት ነው፤ አንዱ ለሙከራ፣ ሌላው ለሥራ። የሙከራው የሚሠራው ባለሙያው ገጹን ከፍቶ መረጃ በሚጠብቅበት አጭር ጊዜ ነው። ሽያጫችሁ ከሙከራው አድራሻ ጋር እንደተያያዘ ከቀረ፣ ዴሞው ያምራል፣ ልጆቹ ላፕቶፑን ዘግተው ሲወጡ ሥራውም ይቆማል።

ስለ ኔትወርክ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። ሽያጩ ገብቶ «ደርሷል» የሚለው መልስ ሳይመለስ ኔት ቢቋረጥ፣ ብዙው ሲስተም አልደረሰም ብሎ ደግሞ ይልካል። ያው ሽያጭ መሆኑን በደረሰኝ ቁጥር እንዲለይ ካልተደረገ 20 ቆርቆሮ ሸጣችሁ 40 ይቀነስባችኋል። ስቶክ ሲቀየር የሚነሳ ሥራ ራሱ ስቶክ የሚቀይር ከሆነም ራሱን እየቀሰቀሰ ማብቂያ ያጣል፤ ዛፒየር የሚያስከፍለው በተከናወነ እርምጃ ቁጥር ስለሆነ እንዲህ ያለው ዙር የከፈላችሁበትን የእርምጃ ኮታ ይበላል። ስሞቻችንም አሉ። ለኮምፒውተር አሕመድና አህመድ፣ ሰይድና ሠይድ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በስልክ ቁጥር ይለይ ካላችሁ ደግሞ በ09 የሚጀምረውና በ+2519 የሚጀምረው አንድ መሆናቸው ሊነገረው ይገባል።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ጠባይ ልናገር። እኛ ወሎዎች ገራገር ነን፤ ልጆቹ ሲመጡ ቡናው ይፈላል፣ ከአቦሉ እስከ በረካው ጨዋታው ይደራል፣ ዱዓውም ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ «እስቲ ሲበላሽ አሳዩኝ» ማለት ነውር ይመስለናል። ባቲ ገበያ ግን ግመል ስንገዛ አስነስተን፣ አስሂደን፣ ጥርሱን አይተን ነው፤ ሻጩም አይቀየምም።

ስለዚህ ውል ስትዋዋሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ክፍያውም ይከፋፈል። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው አንድ ሙሉ ወር ተዘግቶ በእጅ የተሠራው ሂሳብና የሲስተሙ ሂሳብ ሲገጥሙ ብቻ ይሁን። ሙከራው በመዝገባችሁ ግልባጭ ላይ ይሠራ፤ በዋናው ላይ አይሁን። ሙከራው እስኪያልቅ የደንበኞች ስልክ ወጥቶ የእናንተው ስልክ ይግባ፤ እኛን የጎዳን ይህ አለመደረጉ ነው። የሚፈተነውን መዝገብ ሻጩ አይምረጥ፤ ያለፈውን ወር ደብተር አውጡና ከነጉዱ ስጡት። የተመለሰ ዕቃ፣ ቀብድ ብቻ የተከፈለበት ሽያጭ፣ የተሰረዘ ደረሰኝ፣ ስልክ የሌለው ደንበኛ፣ ጳጉሜ የተወሰደ ዱቤ ይኑርበት። መሐል ላይ ዋይፋዩን ራሳችሁ አጥፉት። ሠራተኛችሁ «አስገባ» የሚለውን ሁለቴ ይጫነው። ሻጩ «እንዲህ ዓይነት ነገር እምብዛም አያጋጥምም» ካላችሁ ደብተራችሁን አሳዩት።

ሎጉን ማየት እንደምትችሉም አረጋግጡ። ሎግ ማለት እያንዳንዱ ሥራ መቼ እንደተነሳ፣ ምን ተቀብሎ የትኛው እርምጃ ላይ እንደቆመ የሚያሳይ መዝገብ ነው። ስህተት ሲፈጠር ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው፤ የቆመበትን እርምጃ ያገኛል፣ አንድ ነገር ብቻ ይቀይራል፣ ያንኑ መዝገብ ደግሞ ያስኬዳል። የእኛዎቹ በደወልን ቁጥር «አጥፍታችሁ አብሩት» ይሉ ነበር። በሚቀጥለው ሲጠየቁ ደግሞ «አፕዴት ያስፈልገዋል» ብለው ሌላ ዋጋ ጠሩ። የሎጉ ዕድሜም ይጠየቅ፤ ለምሳሌ የማይክሮሶፍቱ ፓወር አውቶሜት የአሠራር ታሪኩን የሚያቆየው ለ28 ቀን ነው። እንደ እኛ ጉድለቱን ወር ሲዘጋ የምታገኙ ከሆነ የወሩ መጀመሪያ ማስረጃ ጠፍቶ ይጠብቃችኋል፤ ስለዚህ ሥራ ሲከሽፍ በዚያው ቀን ለባለቤቱ የሚደርስ ማሳወቂያ ይሠራ።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። ከእነዚህ አገልግሎቶች ብዙዎቹ ወርኃዊ ክፍያቸው በዶላር ስለሆነ ልጆቹ «በእኛ ካርድ እንከፍላለን፣ እናንተ ብር ትሰጡናላችሁ» ይላሉ። ከዚያ አካውንቱ በእነሱ ኢሜይል ይከፈታል፣ አድሚኑ፣ ማለትም ሁሉን የሚያዝበት፣ እነሱ ይሆናሉ፣ የደንበኞቻችሁ ስልክና ዕዳ እነሱ ጋ ይቀመጣል። የተጣላችሁ ቀን ሲስተሙም መዝገቡም የላችሁም። ካርዱ የማንም ይሁን፣ አካውንቱ በእናንተ ኢሜይል ካልተከፈተና የአድሚን ፓስዎርዱ እጃችሁ ካልገባ አትፈርሙ።

አስቀድማችሁ ያስገጠማችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ለደንበኛ መልእክት የሚልከውን ክፍል አስቆሙ፤ ምዝገባው ይቀጥል። ባካፕ (የመዝገቡን ቅጂ) ውሰዱ፣ መክፈያ ቀኖቹን በዓመት ቅደም ተከተል ደርድሩና 2017 ወይም 2018 የሚል መስመር እንዳለ እዩ። ካለ፣ ገጣሚው መጥቶ እስኪያስተካክል የዱቤ ደብተራችሁን ከመሳቢያው አውጡትና ጻፉበት፤ አታውጡት የሚላችሁን አትስሙ።