አርቸር ሲ6 ራውተር፦ ለኦንላይን ጨዋታ የሚፈታው እና የማይፈታው

የኢንተርኔት ፍጥነታቸው ቪዲዮ ያለ መቆራረጥ ለማየት የሚበቃ፣ ነገር ግን ከጓደኛቸው ጋር አንድ ጨዋታ ውስጥ ለመግባት ወይም በማይክሮፎን ለመነጋገር ሲሞክሩ ግንኙነት የሚከለከላቸው ተጫዋቾች አዲስ ራውተር ይግዙ እንደሆነ ደጋግመው ይጠይቃሉ። ለዚህ ጥያቄ ማየት የሚገባው ዕቃ የቲፒ ሊንክ አርቸር ሲ6 ይመስለኛል፤ ለጌም ተብለው ከሚሸጡት ውድ ራውተሮች በብዙ እየረከሰ የሚያስፈልገውን ሁሉ ማለት ይቻላል ይዟል።

ራውተር ከቤት ለወጣ ጥያቄ የሚመጣውን መልስ ያስገባል፤ ማንም ሳይጠይቀው ከውጭ የመጣውን መረጃ ግን ለየትኛው ዕቃ እንደሚያደርስ ስለማያውቅ ይጥለዋል። ተጫዋቾች ከቤት ወደ ቤት በቀጥታ በሚገናኙባቸው ጨዋታዎች መዘጋቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። የቤቱ ዕቃዎች አንድ የውጭ አድራሻ የሚጋሩበት ይህ አሠራር ኤንኤቲ ይባላል፤ ፕሌይስቴሽን የኤንኤቲውን ሁኔታ ዓይነት 1፣ 2 እና 3 ብሎ ሲከፍለው ኤክስቦክስ ክፍት፣ መካከለኛ እና ጥብቅ ይለዋል፤ ዓይነት 3 ወይም ጥብቅ የሚል ያየ ሰው የችግሩን ምንጭ አገኘ ማለት ነው።

በአርቸር ሲ6 የመጀመሪያው መፍትሔ ዩፒኤንፒ ነው። ይህ ሲበራ ኮንሶሉ (እንደ ፕሌይስቴሽን ያለው የጨዋታ ዕቃ) የሚፈልገውን ፖርት፣ ማለትም ከውጭ የሚመጣ መረጃ የሚገባበትን ባለ ቁጥር በር፣ ራሱ ራውተሩን ጠይቆ ያስከፍታል። በቤት ውስጥ ያለ ቫይረስ የያዘው ኮምፒውተርም እንዲሁ ማስከፈት ስለሚችል በራውተሩ የቅንብር ገጽ ላይ የሚታየውን የተከፈቱ ፖርቶች ዝርዝር አልፎ አልፎ መመልከት ይገባል። ዩፒኤንፒ ካልሠራ ፖርቱን በእጅ መክፈት ይቻላል (ዩዲፒ እና ቲሲፒ በገጹ ላይ የሚመረጡ ሁለት የመረጃ መላኪያ ዓይነቶች ናቸው)፤ ለኤክስቦክስ ዩዲፒ 3074፣ ለፕሌይስቴሽን ዩዲፒ 3478 እና 3479 እንዲሁም ቲሲፒ ከ3478 እስከ 3480። ከዚህ በፊት ግን ለኮንሶሉ ቋሚ አድራሻ መያዝ የግድ ነው፤ አለበለዚያ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮንሶሉ ሌላ አድራሻ ሊያገኝ ይችላል፣ የተከፈተውም ፖርት ማንም ወደሌለበት ይመራል።

ብዙዎች ይህን ሁሉ አድርገው ለውጥ የማያዩት በሁለት ራውተሮች መካከል ስለታጠሩ ነው። አገልግሎት ሰጪው የሚተክለው ሞደም በአብዛኛው ራሱ ራውተር ስለሆነ፣ አርቸር ሲ6ን ከኋላው የሰካ ሰው አንዱን በር ከፍቶ ሌላውን እንደተዘጋ ይተወዋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በራውተሩ ገጽ የሚታየው የውጭ አይፒ አድራሻ በ192.168. ወይም በ10. የሚጀምር ከሆነ ከፊቱ ሌላ ኤንኤቲ አለ። ያን ጊዜ ሞደሙን ወደ ብሪጅ (የራውተርነት ሥራውን ትቶ መስመሩን ብቻ ወደሚያሳልፍበት ሁነታ) መለወጥ ወይም አርቸር ሲ6ን በአክሰስ ፖይንት ሁነታ (የሞደሙን መስመር በዋይፋይና በኬብል ብቻ እንዲያከፋፍል) ማሠራት ያስፈልጋል። የሞደሙ የብሪጅ ቅንብር ለደንበኛው በማይከፈትበት ቤት የመጀመሪያው ስለማይሞከር፣ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በዚህ ሁነታ ግን አድራሻ የሚያድለውም ፖርት የሚከፍተውም ሞደሙ ስለሚሆን ዩፒኤንፒን ማብራት የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው።

የውጭ አይፒ አድራሻው ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ይህ ክልል በ2012 አገልግሎት ሰጪዎች አንድ የሕዝብ አድራሻን ለብዙ ደንበኞች እንዲያካፍሉ የተመደበ ነው፤ ስለዚህ የትኛውም ራውተር ቢገዛ ከውጭ የሚመጣ ግንኙነት ቤት ድረስ አይደርስም። ገንዘቡን ለራውተር ከማውጣት አገልግሎት ሰጪውን የሕዝብ አይፒ አድራሻ መጠየቅ ይሻላል።

መዘግየትንም ቢሆን ራውተር የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ በፋይበር ውስጥ የሚጓዝ ብርሃን ደርሶ ለመመለስ ብቻ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይወስድበታል። ቤት ውስጥ የሚጨመረውን መዘግየት ግን መከላከል ይቻላል። አርቸር ሲ6 አራት የጊጋቢት ሶኬቶች ስላሉት ኮንሶሉን በኬብል ማገናኘት ተመራጭ ነው፤ ኬብል መዘርጋት ካልተቻለ፣ በተለይ የጎረቤት ዋይፋይ በሚበዛበት ኮንዶሚኒየም፣ ከ2.4 ይልቅ የ5 ጊጋኸርትዙን መስመር መጠቀም ይበጃል። በሌላ በኩል አርቸር ሲ6 ቅድሚያ የሚሰጠው በዕቃ በዕቃ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ የቤተሰብ አባል ትልቅ ፋይል ሲጭን ፒንግ (የመዘግየቱ ልክ) በሚያሻቅብበት ቀጭን መስመር ላይ ወረፋውን በረቀቀ መንገድ የሚያስተዳድር ሌላ ራውተር መፈለግ ይገባል።