ከሰርቨር የተነቀለ የሃርድ ዲስክ ካርድ ለምትገዙ ማስጠንቀቂያ

ባሕር ዳር ውስጥ የሠርግ ቪዲዮም ሆነ ሌላ ብዙ ቦታ የሚይዝ ሥራ በተራ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር የምትሠሩ ሁሉ፣ «ስምንት ሃርድ ዲስክ የሚይዝ ካርድ» እየተባለ በርካሽ የሚቀርብላችሁን ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የደረሰብኝን አንብቡ። እኔ ካርዱን በ6,500 ብር ገዝቼ፣ እሱ ባመጣው መዘዝ ደግሞ ደህናውን ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩን ዋና ሰሌዳ) ጥዬ በ18,000 ብር ሌላ ልገዛ ጥቂት ነበር የቀረኝ።

በጥር ወር ሠርጉ ይደራረባል። ሙሽሮች በጀልባ ወደ ዘጌ ሲሻገሩና ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሲነሱ የቀረጽሁት ሁሉ ተከማችቶ፣ ማዘርቦርዴ ላይ ያሉት አራት የሃርድ ዲስክ መሰኪያዎች ሞልተው ነበር። ሻጩ ካርዱን «አዲስ ነው፤ ሰክቶ መጠቀም ብቻ ነው» ብሎ ሰጠኝ። ቤት ወስጄ ሰክቼ ኃይል ስሰጠው ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። በዚያው ሰዓት ካርዱን ነቅዬ መሞከር ሲገባኝ ኮምፒውተሩን እንዳለ ተሸክሜ ወደ ሱቁ መመለሴ የራሴ ጥፋት ነው። ቴክኒሻኑ ክዳኑን ከፍቶ ትንሽ አየት አደረገና «ጋሼ፣ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፤ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነው» አለኝ። መብራት በእኛ ከተማ ያልሠራውን ጥፋት ሁሉ የሚሸከም ስለሆነ እኔም አመንሁት።

ማዘርቦርዱ ግን አልተቃጠለም ነበር። ማታ ካርዱን ስነቅለው ኮምፒውተሩ ምንም እንዳልሆነ ተነሣ። የካርዱን ሙቀት ማስወገጃ ብረት ፈትቼ ሳየው ኤልኤስአይ ሳስ2008 የሚባል ቺፕ አገኘሁ፤ ይህ ደግሞ ለሰርቨር፣ ማለትም ብዙ ኮምፒውተሮችን ለሚያገለግል ትልቅ ኮምፒውተር የሚሠራ፣ በእኔ እጅ የገባውም ከአሮጌ ሰርቨር የተነቀለ ነበር። እንዲህ ያሉ ካርዶች አንዳንዶቹ በተራ ማዘርቦርድ ላይ ሲሰኩ ኮምፒውተሩ እንዳይነሣ የሚያደርጉበት የታወቀ ምክንያት አለ። ማዘርቦርዱ ሲነሣ የራሙን (የጊዜያዊ ማኅደሩን) ዓይነትና መጠን የሚጠይቅበት ኤስኤምባስ የተባለ ቀጭን መስመር አለ፤ ካርዱም በዚያው መስመር ላይ ገብቶ ስለሚያውክ፣ ማዘርቦርዱ ራሙን ማወቅ ተስኖት ገና ምስል ሳያወጣ ይቆማል። መስመሩ የሚያልፈው በካርዱ የወርቅ ጥርሶች መካከል ቢ5 እና ቢ6 በተባሉት ሁለቱ ብቻ ነው። እነዚህን በቀጭን፣ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፕላስተር ሸፍኜ መልሼ ስሰካው ምስሉ መጣ። ለ18,000 ብሩ ጥገና መድኃኒቱ ከጥፍር ያነሰ ፕላስተር ሆነ ማለት ነው!

ችግሩ በዚህ አላበቃም። ካርዱ ሲነሣ የራሱን ጽሑፍ እያሳየ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ማስነሻ ዲስክ አልተገኘም የሚል መልእክት ወጣ። ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) አዲሱን ካርድ በማስነሻ ቅደም ተከተል ፊት ስላስቀመጠው፣ ዊንዶውስ በሌለበት በካርዱ በኩል ዊንዶውስ ሲፈልግ ነበር፤ ባዮስ ገብቶ የዊንዶውሱን ዲስክ ወደ አንደኛ መመለስ ይበቃል። ዊንዶውስ ያለበትን ዲስክ ግን ከማዘርቦርዱ ነቅላችሁ ካርዱ ላይ አትሰኩት፤ ዊንዶውስ የካርዱን ድራይቨር (ካርዱን የሚያናግርበትን ፕሮግራም) አስቀድሞ ካልያዘ የስህተት ስክሪን አሳይቶ ይቆማል።

ኬብሉም ሌላ ወጥመድ ነው። አንዱ ጫፉ ነጠላ ሆኖ ሌላው ጫፉ በአራት የሚከፈለው ኬብል ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ አንደኛው ከካርድ ወደ ዲስክ፣ ሁለተኛው ከማዘርቦርድ ወደ ሰርቨር የዲስክ መደርደሪያ የሚሄድ ነው። በዓይን አይለዩም፣ ቦታ ተለዋውጠውም አይሠሩም። ለእኔ የተሸጠልኝ ሁለተኛው ነበርና ዲስኮቹ ፈጽሞ አልታዩም።

ከሁሉ የከፋው ምክር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ዲስኮቹ አይታዩም ብዬ ስደውል ቴክኒሻኑ «በካርዱ ሜኑ ገብተህ ዲስኮቹን አንድ ላይ አድርገህ አዘጋጃቸው» አለኝ። ዲስኮችን በሬይድ (ብዙ ዲስክን እንደ አንድ በማጣመር) የሚያቀናጅ ካርድ ላይ ይህን ማድረግ በውስጣቸው ያለውን ሊያጠፋው ይችላል፤ ብታዘዘው ኖሮ የስንት ሙሽሮች ሠርግ ነበር የሚሄደው። ሥራ ያለበትን ዲስክ እንዲህ ባለ ካርድ ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ሌላ ቅጂ ያዙ፤ ሙከራውንም በባዶ ዲስክ አድርጉ። ካርዱ የሰርቨር ነፋስ የለመደ በመሆኑ በጣም ይግላል፣ ትንሽ ፋን በላዩ አድርጉለት።

ሻጩ ኬብሉን ያለ ክርክር ለወጠልኝ። ካርዱን ግን «ሠርቷል አይደል?» ብሎ አልመልስም አለ፤ ያገለገለ መሆኑን ያልነገረኝን ስጠይቀው መልስ አልሰጠኝም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ እኔ ግን ዋጋ ቀንስልኝ ብዬ ያለ ደረሰኝ ስለገዛሁ የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም። ስለዚህ «ያገለገለ» ወይም «አዲስ» የሚል ቃል የሰፈረበት ደረሰኝ ሳትይዙ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ከተቻለም ኮምፒውተራችሁን ይዛችሁ ሂዱና ካርዱ ተሰክቶ ዊንዶውስ እስኪከፈት ድረስ እዚያው ሱቁ ውስጥ ቁሙ።