የእጅ አንጓ መደገፊያው በልብስ ሰፊ ዓይን

ፒያሳ ካለ አንድ የሕክምና ዕቃ መሸጫ ስለገዛሁት የእጅ አንጓ መደገፊያ ልንገራችሁ። ጥቁር ነው። መዳፍ ላይ ተጠቅልሎ እስከ ክንድ አጋማሽ ይደርሳል፤ ጣቶችን ነጻ ይተዋል። በመዳፍ በኩል ውስጡ ዝርግ አሉሚኒየም አለ፤ በሦስት ቬልክሮ ይታሰራል። ዋጋው ከአንድ ጥልፍ ቀሚስ የእጅ ዋጋ ያንሳል። እኔ ጎንደር ውስጥ ቀሚስ ሰፍቼ የምኖር ሴት ነኝ። ስለዚህ ዕቃውን እንደ ታማሚም እንደ ልብስ ሰፊም ነው ያየሁት።

ጥምቀት ሲቃረብ እዚህ ከተማ ልብስ ሰፊ አይተኛም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው ለለባሿ ነው፤ የሰፊዋን እጅ ማን አስታወሰው! ቀን መቀስና መርፌ፣ ማታ መኪና። ሌሊት ላይ ቀኝ እጄ ይደነዝዛል፣ ውርር ይለኛል፣ ያቃጥለኛል። ተነስቼ ሳራግፈው ቀለል ይላል። ጎረቤት «ብርድ መቶሽ ነው» አለ። ፌጦ ተቀቢ ያለም አለ፣ ወጌሻ ጋ ሂጂ ያለም አለ። ይባስ ብሎ ቀን ላይ ክሩ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል መኖሩ አልታወቅ አለኝ። ጥልፍ ደግሞ ግማሹ የጣት ጫፍ ሥራ ነው። የጣት ጫፍ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር የተራራቁ ሁለት የመርፌ ጫፎችን ለይቶ ያውቃል፤ ክንድ ላይ ግን ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ካልተራራቁ እንደ አንድ ነው የሚሰሙት።

ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሄድኩ። ወጣቱ ባለሙያ ገና ሳይነካኝ «እትዬ፣ ትንሿ ጣትዎም ትደነዝዛለች?» አለኝ። «እሷስ ደህና ናት ልጄ» አልኩት። ከዚያ የሁለት እጆቼን ጀርባ አጋጥሜ ጣቶቼን ወደ ታች እንዳደርግ ነገረኝ። ደቂቃ ሳይሞላ ያ የሌሊቱ ውርርታ መጣ። «በቃ፣ ነርቭዎ አንጓው ላይ ተጭኗል» አለ።

እንዲህ ነው ነገሩ። የአውራ ጣት፣ የሌባ ጣት፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ስሜት የሚሄደው ሚዲያን በሚባል አንድ ነርቭ ነው። ነርቩ አንገት አካባቢ ካለው ኅብለ ሰረሰር ይነሳል፣ በብብትና በክንድ ይወርዳል፣ አንጓ ላይ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ይገባል። የመተላለፊያው ወለልና ግድግዳ ትንንሽ አጥንቶች ናቸው፤ ላዩ የማይለጠጥ ወፍራም ጅማት ነው። ጣት የሚያጥፉ 9 ጅማቶችም አብረውት ያልፋሉ። የቀሚስ ወገብ ላይ ላስቲክ የምናስገባበትን እጥፋት አስቡት። ዘጠኝ ላስቲክ ከገባበት በኋላ አንድ ለስላሳ ፈትል ቢጨመር፣ እጥፋቱ ሲጠብ የሚጨፈለቀው ፈትሉ ነው። ትንሿ ጣት የሌላ ነርቭ ናት፤ እሱ በዚያ መተላለፊያ አያልፍም። ልጁ ስለ እሷ መጀመሪያ የጠየቀኝ ለዚህ ነበር።

መልእክት በነርቭ ላይ የሚሄደው የሶዲየም ቅንጣቶች ወደ ነርቭ ሕዋሱ ሲገቡ በሚፈጠር የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው። ማይሊን የሚባል ስብ ያለበት ሽፋን የለበሱት ወፍራሞቹ ነርቮች መልእክቱን በሰከንድ 50 ሜትርና ከዚያም በላይ ያስኬዱታል። ሽፋን የሌላቸው ቀጫጭኖቹ በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ነው የሚችሉት። መርፌ የወጋው ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ውግት ያደርጋል፣ ማቃጠሉ ቆይቶ ይመጣል። እጃችን ግን አንጎል ሕመሙን እስኪያውቀው አይጠብቅም፤ «ሽሽ» የሚለው ትእዛዝ ከኅብለ ሰረሰር ይመጣለታል። ነርቩ ሲጨፈለቅ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። ሲቆይ ደግሞ ማይሊኑ ይጎዳል፣ መልእክቱም ይዘገያል። ስንተኛ እጃችንን እናጥፋለን፤ መታጠፉ ጫናውን ያባብሰዋል።

የመደገፊያው ሥራ እንግዲህ አንድ ነው፤ ሌሊት አንጓ እንዳይታጠፍ መያዝ። መድኃኒት የለውም፣ አያሞቅም፣ «ማግኔት አለው» የሚሏችሁንም አትስሙ። ለእኔ ሠርቷል። ወዲያው አይደለም፤ ቀስ በቀስ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ጀመርኩ፣ ክሩም ጣቴ ላይ ተመለሰ።

አሁን ወደ ስፌቱ። ስፌቱ ያሳፍራል። የቬልክሮው ጀርባ የተያዘው በአንድ መስመር ነው፣ ያውም በረዥም ስፌት። ብዙም ሳይቆይ ጥጉ ተላቀቀ፤ በናይለን ክር አራት ማዕዘን አድርጌ መሃሉን በመስቀል ደገምኩት፣ ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም። አውራ ጣት የሚወጣበት ጠርዝ ቆዳ ይፍቃል፤ በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ጠቀለልኩት። የቬልክሮው ሻካራ ፊት ደግሞ ያገኘውን ፈትል ይነክሳል፤ የነጠላዬን ጥለት መዞብኛል። ስታወልቁት መልሳችሁ እሰሩት።

ትልቁ ጉድ አሉሚኒየሙ ነው። ከፋብሪካ የመጣው እጅን ወደ ኋላ ቀና እንዲያደርግ ታጥፎ ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ መዝዞ አወጣው፣ ጉልበቱ ላይ ተጭኖ አቃናውና መለሰው። ጫናው የሚያንሰው አንጓ ቀጥ ሲል ነው አለኝ። ሱቁ ይህን አልነገረኝም፤ ለክቼ ልየው ስልም «ማሸጊያው ከተከፈተ አይመለስም» ነው ያለኝ። እኔ ደንበኛዬን ሳልለካ ቀሚስ ባስረክብ ምን ትለኝ ነበር?

አጥብቃችሁ አትሰሩት፤ ማሰሪያው ራሱ ነርቩን ይጫናል። ቀን ላይ አድርጎ መስፋትም አይታሰብም።

ዕቃው የማይበቃው ሰውም አለ። አውራ ጣታችሁ ሥር ያለው ሥጋ ከጎደለ ወይም ዕቃ ከእጃችሁ እየወደቀ ካስቸገረ መደገፊያ ገዝታችሁ አትቀመጡ፤ ሐኪም ጋ ሂዱ። ያንን የላይኛውን ጅማት ከፍቶ ነርቩን የሚያሳርፍ ቀዶ ሕክምና አለ። አንዴ የሞተ የነርቭ ክር መልሶ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስኳር፣ የእንቅርት ዕጢ ችግርና እርግዝናም ይህን ሕመም ያመጣሉ፤ እኔንም ስኳሬን አስለክተውኛል።

ለመግዛት ስትሄዱ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ቁጥሩ የሚመረጠው በአንጓ ዙሪያ ነው፣ ግራና ቀኙም ይለያያል። ስታጥቡት አሉሚኒየሙን አውጡት። በክረምት ቶሎ አይደርቅም፤ ጠዋት ካጠባችሁት ለማታ የሚደርስላችሁ ፀሐይ ከወጣ ነው።