ታጣፊው ኢኮንታ ከስምንት ወር በኋላ፦ ዋጋ የሚገባው ለሌንሱ ነው ወይስ ለወናፉ?

ስምንት ወር የተጠቀምሁበት ካሜራ የዛይስ ኢኮን ሥሪት የሆነው፣ 6 በ9 ሴንቲ ሜትር ፎቶ የሚያነሣው ኢኮንታ ነው። 120 በሚባለው ሰፊ ጥቅል ፊልም ስምንት ፎቶ ያነሣል፤ የተገጠመለትም ባለሦስት ብርጭቆው 105 ሚሊ ሜትር ኖቫር ሌንስ ነው። ስገዛው ያመነታሁት በሌንሱ ምክንያት ነበር፤ ባለአራት ብርጭቆው ቴሳር ያለበት ካሜራ በግልጽ ይወደዳልና። አሁን ግን የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 11 አጥብቤ ካነሣኋቸው ፎቶዎች ይህ ነው የምለው ጉድለት አላገኘሁም፤ የኖቫር ድክመት የሚታየው ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት፣ ያውም በምስሉ ጥግ ላይ ነው። ኔጌቲቩ የ35 ሚሊ ሜትሩን ከአምስት እጥፍ በላይ ስለሚሰፋ ብዙ ማጉላት አያስፈልገውም።

ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ወናፉ፣ ማለትም ሌንሱን ከካሜራው አካል ጋር የሚያገናኘው ተጣጣፊ ክፍል ነው። ቀደም ሲል በርካሽ የገዛሁት ሌላ ታጣፊ ካሜራ ከውጭ ሲያዩት አዲስ ይመስል ነበር፤ የመጀመሪያው ፊልም ታጥቦ ሲታተም ግን በሁሉም ፎቶ ላይ ብርሃን የበላው ነጭ ነጠብጣብ ወጣ። ጨለማ ክፍል ገብቼ ትንሽ የእጅ ባትሪ በወናፉ ውስጥ ሳበራ፣ በእጥፋቱ ማዕዘኖች ላይ መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ሰባት ቀዳዳዎች ቆጠርሁ። ወናፉን ማስለወጥ ካሜራው ከተገዛበት በላይ አስወጣኝ። ስለዚህ ከሻጭ ላይ የጨለማ ክፍል ፎቶ ሳይጠይቁ መክፈል አይገባም እላለሁ። ብርሃን ለፊልሙ የሚከፍተውና የሚዘጋው መዝጊያም በ1 ሰከንድ ላይ ተደርጎ ይደመጥ፤ ድምፁ መሃል ላይ ከተንተፋተፈ ወይም ከቆመ ዘይቱ ደርቋል ማለት ነው።

የኢኮንታዬ እውነተኛ ጉድለት ርቀትን በግምት ማስላቱ ነው። ለመልክዓ ምድር አያስቸግርም፤ በሁለት ሜትር ርቀት የሰው ፊት ሳነሣ ግን ዓይን ደብዝዞ ጆሮ ጠርቶ የወጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የሰው ፎቶ የሚያዘወትር ሰው ከሌንሱ ጋር የተያያዘ ርቀት መለኪያ ላለው ሱፐር ኢኮንታ ተጨማሪውን ቢከፍል አይቆጭም፤ አቅሙ ካልፈቀደም በእርሱ አምሳል የተሠራው የሶቪየቱ ሞስክቫ 5 በዝቅተኛ ዋጋ ይገኛል፣ 6 በ6ም ያነሣል። አፖ ላንታር የተባለው ሌንስ ያለበት ሌላው ታጣፊ፣ የፎክትሌንደሩ ቤሳ 2፣ የሰብሳቢዎች ዕቃ ሆኗል። 620 ፊልም (ስፋቱ እንደ 120 ሆኖ በቀጭን መጠቅለያ የሚጠቀለለውን) የሚጎርሱትን ካሜራዎች ደግሞ፣ ኮዳክ ፊልሙን በ1995 እ.ኤ.አ. ስላቆመ፣ 120ውን በጨለማ ወደ 620 መጠቅለያ ማዛወር የማይሰለቸው ብቻ ይግዛቸው።

ከልማዴ አንድ ነገር ልጨምር፤ ፊልሙን የምጠመዝዘው ካሜራውን በቀስታ ከከፈትሁ በኋላ ነው። ወናፉ በድንገት ሲዘረጋ አየር ስቦ ፊልሙን ከቦታው ያጎብጠዋል፤ ከዚያ በኋላ መጠምዘዝ ግን መልሶ ይወጥረዋል።