ለሰኞ ገበያዋ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ምስጋና

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ መድኃኒት ቤት ለምትሠራው እህታችን ከድንገተኛ ክፍል ሠራተኞች የከበረ ምስጋና ይድረሳት። «የጨጓራ መድኃኒት ስጪኝ» ላላት ሁሉ ኦሜፕራዞል አንስታ አትሰጥም። መጀመሪያ «አባቴ፣ የት ላይ ነው የሚያምዎት? በእጅዎ ያሳዩኝ እስኪ» ትላለች። በአንድ ጣት ከእንብርቱ በላይ የሚጠቁም አለ፤ ጨብጦ ደረቱ መሃል የሚያሳርፍም አለ። ሁለተኛው የልብ ሊሆን ስለሚችል ጥያቄዋ ይበረታል፦ መቼ ጀመረ? ዳገት ሲወጡ ብሶ ሲያርፉ ይተዋል? ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ይሄዳል? ያልብዎታል?

ሃርት አታክ (የልብ ደም ሥር ድንገት ሲዘጋ የሚመጣ ሕመም) ሲባል ሰው ደረቱን ይዞ የሚወድቅ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን ያቃጥላል፣ ይጫናል፣ ተወት አድርጎ ይመለሳል። «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል፣ ፌጦ በሎሚ ይጠጣል፣ «በሌሊት ጎረቤት አላስቸግርም» ሲባል ይነጋል። በርጫ ላይ የጀመረውን «የጫቱ ነው» ብሎ የሚያልፍም አለ፤ ጫቱ ራሱ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል። ስኳር ያለባቸው፣ ሴቶችና አረጋውያን ዘንድ ደግሞ ሕመሙ ጭራሽ ላይኖር ይችላል፤ ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ ላብና ድካም ብቻ ይታያል። የጨጓራ መድኃኒት ቀለል ስላደረገውም ልብ አይደለም አይባልም።

ደም የተቋረጠበት የልብ ጡንቻ በግማሽ ሰዓት ገደማ መሞት ይጀምራል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ሕመሙ ከጀመረ በ12 ሰዓታት ውስጥ ይሰጣል፤ ትልቁ ጥቅሙ ግን በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ሰዓታት ነው።

እሷ የጠረጠረችውን ሰው በእግሩ አትሸኝም፤ አስቀምጣ አምቡላንስ ለመጥራት 907 ትደውላለች። አስፕሪን 300 ሚሊግራም ታስኝከዋለች፦ ባለ 100ውን 3፣ ባለ 81 ከሆነ 4። ሳይታኘክ የተዋጠ ቶሎ ወደ ደም አይገባም። አስፕሪን የማይስማማው፣ የሚደማ ወይም አፉ የተጣመመና አንድ ጎኑ የሰነፈ ከሆነ አትሰጥም።

እኛን በጣም የጠቀመን ብጣሽ ወረቀቷ ነው። ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት፣ የአስፕሪኑን መጠንና የሰጠችበትን ሰዓት፣ ሲልዴናፊል (ቪያግራ፣ ለወንዶች የወሲብ ችግር የሚወሰደው) ወስዶ እንደሆነም ትጽፍበታለች። እሱን በ24 ሰዓት ውስጥ ለወሰደ ሰው ናይትሮግሊሰሪን የተባለውን ደም ሥር የሚያሰፋ የልብ መድኃኒት ብንሰጠው ግፊቱ ክፉኛ ይወርዳል፤ ይህን ደግሞ በቤተሰብ ፊት ማን ይናገራል!

ሰኞ ሰኞ ወረፋ ስለሚበዛ የደረት ሕመም ያለው ሰው ሳይሰለፍ በቀጥታ ይንገራት። ሌሊት ከሆነ ግን ክፍት መድኃኒት ቤት አትፈልጉ፤ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ኑ፣ በር ላይም «ደረቱን ነው» በሉ። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሳት አለበት፤ የመጀመሪያው ደህና ቢሆንም ሕመሙ ካልተወ ይደገማል።