ከቁጥሩ አጠገብ ያልተጻፈው መስፈሪያ፦ ስለ ስኳር ሕመም የመረጃና የድጋፍ ምንጮች ግምገማ

ዓይነት 2 የስኳር ሕመም እንዳለብኝ በተነገረኝ ሳምንት፣ በአዲሱ መለኪያዬ የጣቴን ደም ለመጀመሪያ ጊዜ ስመረምር መስኮቱ ላይ 5.4 የሚል ቁጥር ወጣ። በእጄ የነበረው በራሪ ወረቀት ግን ከምግብ በፊት የሚፈለገው መጠን ከ80 እስከ 130 ነው ይላል። ስኳሬ ጨርሶ የወረደ መስሎኝ ሦስት ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጬ ጠጣሁ። ለካ መለኪያው የሚቆጥረው በሚሊሞል በሊትር፣ ወረቀቱ ደግሞ በሚሊግራም በዴሲሊትር ኖሯል፤ 5.4 በ18 ሲባዛ 97 ይሆናል፣ እሱም ደህና መጠን ነው። ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር ሲነበብ መስፈሪያውን አንድም ቦታ አይጠቅስም። ከዚያ ወዲህ አንድን የመረጃ ምንጭ ስመዝን አስቀድሜ የማየው ከቁጥሩ አጠገብ መስፈሪያው መጻፉን ነው፤ ቀጥሎም የተጻፈበትን ቀንና የሚናገረው ስለ ዓይነት 1 (ሰውነት ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን ማምረት የሚያቆምበት) ይሁን ስለ ዓይነት 2 (ኢንሱሊኑ በደንብ የማይሠራበት ወይም የማይበቃበት) መለየቱን።

በዚህ ሚዛን ከፍ ብሎ ያገኘሁት የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር በየዓመቱ እያደሰ የሚያወጣው የሕክምና መመሪያ ነው። እያንዳንዱ ምክር በምን ያህል ማስረጃ እንደተደገፈ በፊደል ደረጃ ተሰጥቶት ስለሚቀርብ፣ በጥናት የተረጋገጠውን ከባለሙያዎች አስተያየት መለየት ይቻላል። ነገር ግን የተጻፈው ለሐኪም ነው፤ ሕመምተኛ ብቻውን ሲያነበው ይከብዳል፣ አንዳንዴም ያስፈራል። በ1950 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ደግሞ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ በአባል ማኅበራቱ ዝርዝር ነው፤ በየአገሩ ያለውን ማኅበር ለማግኘት ከዚያ መጀመር ድካም ይቀንሳል። የፌዴሬሽኑ አትላስ፣ ማለትም የሕመሙን ስርጭት በየአገሩ የሚያሳየው ዘገባ፣ በ2025 ዕትሙ 589 ሚሊዮን ጎልማሶች ከሕመሙ ጋር እንደሚኖሩ ይገልጻል፤ ይህ ለበጀት ተከራካሪ ትልቅ መሣሪያ ቢሆንም ሌሊት ስኳሩ ወርዶ ላብ አጥምቆት ለነቃ ሰው የሚለው ነገር የለም።

ብዙዎች ሳይገልጡት የሚጥሉት፣ ከመለኪያው ጋር በሣጥኑ ውስጥ የሚመጣው መጽሐፍ ከጠበቅሁት በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በ2013 የወጣው ዓለም አቀፍ የመለኪያ ደረጃ፣ ስኳሩ 100 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ከመቶ ንባቦች 95ቱ ከላቦራቶሪው ውጤት በ15 በመቶ ውስጥ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ስለዚህ ላቦራቶሪ 120 የሚለውን ደም መለኪያው 102 ወይም 138 ቢለው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ በአንድ ማለዳ አምስት ስትሪፕ (ደሙ የሚነካበት የመለኪያው ቁራጭ) አላባክንም ነበር።

የድጋፍ ቡድን ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ ቃል ይፈልጋል። ሁለት ዓመት የቆየሁበት የስልክ ቡድን ሐኪም በአሥር ደቂቃ ቀጠሮ ሊነግረኝ የማይችለውን አስተምሮኛል፦ ጣትን ከመሐሉ ይልቅ ከጎኑ መውጋት ሕመሙን እንደሚቀንስ፣ ፍራፍሬ የነካ እጅ ሳይታጠብ ቢለካ ቁጥሩ ያለምክንያት እንደሚያሻቅብ፣ መሰልቸት የስንፍና ምልክት እንዳልሆነ። በዚያው ቡድን ውስጥ ግን አንዲት እናት፣ ዓይነት 1 ያለበት ልጇ እያስመለሰው ምግብ አልበላም ማለቱን ስትጽፍ፣ አንድ አባል «ካልበላ ኢንሱሊኑን ይተውት» ብሎ መለሰላት። ምክሩ አደገኛ ነው፤ ዓይነት 1 ያለበት ሰው ሲታመም ኢንሱሊን ፈጽሞ አይቋረጥም፣ መጠኑ ከሐኪም ጋር ተማክሮ ይስተካከላል እንጂ፤ ኬቶንም (ኢንሱሊን ሲያጥር በደም ውስጥ የሚጠራቀም አሲድ) ይለካል፣ ማስመለሱ ካላቆመም ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ይኬዳል። ያ መልስ አራት ሰዓት ያህል ያለ እርማት ቆየ። እናትየዋ ደግነቱ አስቀድማ ሐኪሟ ዘንድ ደውላ ነበር። አስተባባሪዎቹ ኋላ ቢያነሱትም፣ የጤና ባለሙያ በየቀኑ የማይከታተለውን ቡድን ለብርታት እንጂ ለመድኃኒት መጠን አልመክርም።

መመዝገቢያ የስልክ መተግበሪያዎችን በተመለከተ፣ የሦስት ወሩን መዝገብ አትሞ ለሐኪም ለማሳየት የሚያስችል ከሆነ ይበቃል፤ የቀረው ጌጥ ነው።

በመጨረሻ መለኪያዬ ማስቀመጫ ውስጥ የገባው በእጄ የጻፍኋት ቁራጭ ወረቀት ናት። «ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከ3.9 ሚሊሞል በሊትር በታች ከሆነ፦ 15 ግራም ስኳር፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት፤ ካልተነሣ መድገም» ትላለች። ከሥሯ ደግሞ ለቤተሰቤ ብዬ በቀይ ቀለም «ራሴን ከሳትኩ በአፌ ምንም አትስጡኝ፤ አምቡላንስ ጥሩ» የሚል ጨምሬበታለሁ።