መሃል ላይ ጠባብ ቤት ወይስ ዳር ላይ ሰፊ? ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለምትገዙ

ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ቤቱን ነው። ስንት ክፍል አለው፣ ወጥ ቤቱ ይበቃል ወይ፣ ወለሉ ምን ይመስላል። ሰፈሩን ግን በመኪና መስኮት ቃኘት አድርጎ ያልፈዋል፣ ያውም ደላላው በመረጠለት ሰዓት። እኔ ይሄ ነገር ይገልበጥ ባይ ነኝ። ወለል ይቀየራል፣ ቀለም ይቀባል፣ ገንዘብ ሲገኝ ግድግዳም ፈርሶ ይሠራል። ቤቱ የቆመበት ቦታ ግን ከገዛችሁት በኋላ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው ቤትን ከቤት ሳይሆን ሰፈርን ከሰፈር ነው።

መሃል ወይስ ዳር?

ትልቁ ምርጫ ይሄ ስለሆነ እሱ ላይ ትንሽ እንቆይ። በአንድ ዓይነት ገንዘብ መሃል ላይ ባለ ሁለት ክፍል አፓርታማ ይገኛል፣ ዳር ላይ ደግሞ ግቢ ያለው ሰፋ ያለ ቤት። የዋጋው ልዩነት እንዲሁ የመጣ አይደለም። የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ዊልያም አሎንሶ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዳሳየው፣ ሰው ለሥራና ለገበያ ቀረብ ለማለት ሲል ለመሬት ብዙ ይከፍላል፤ ከመሃል እየራቀ ሲሄድ መሬቱ የሚረክሰው የመመላለሻው ወጪ እየጨመረ ስለሚመጣ ነው። እናም ዳር ላይ ያገኛችሁትን ቅናሽ እንደ ስጦታ አትዩት። በየቀኑ መንገድ ላይ በትንሽ በትንሹ ትመልሱታላችሁ።

እስቲ እናስላው። ከመሃሉ ቤት ሥራ ቦታ ለመድረስ 20 ደቂቃ፣ ከዳሩ ቤት 60 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ልዩነቱ ደርሶ መልስ 80 ደቂቃ ነው። በዓመት 240 ቀን ለሚሠራ ሰው 320 ሰዓት ይመጣል፤ በቀን 8 ሰዓት ብንቆጥረው 40 የሥራ ቀን ማለት ነው። ከቤቱ ጠዋት ጠዋት የምትወጡት ሁለት ከሆናችሁ እጥፍ አድርጉት።

አሎይስ ስቱትሰርና ብሩኖ ፍራይ የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች ይህንኑ ነገር በጀርመን ነዋሪዎች መረጃ ፈትሸውታል። ሩቅ የሚመላለስ ሰው በሰፊ ቤት ወይም በተሻለ ደመወዝ ይካሳል ተብሎ ነበር የሚታሰበው። ያገኙት ግን ረጅም መንገድ የሚመላለሱት ሰዎች በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ ያነሰ መሆኑን ነው። እኔ ምክንያቱ ይገባኛል። ትርፍ ክፍልን በሁለት ወር ውስጥ እንለምደዋለን፣ ዕቃ ሞልተንበት እንረሳዋለን፤ የመንገድ መጨናነቅ ግን ዛሬ አንድ ዓይነት ነገ ሌላ ዓይነት ስለሆነ አይለመድም።

ታዲያ ዳር አትግዙ እያልኩ ነው? አይደለም። ከቤት ሆኖ ለሚሠራ፣ ሥራው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ለሚያስወጣው፣ ደረጃ መውጣት የማይችሉ ሽማግሌ ወላጆች አብረውት ለሚኖሩ፣ ወይም ልጆቹ መሬት ላይ ሮጠው እንዲያድጉ አጥብቆ ለሚፈልግ ሰው ዳሩ በጣም ያዋጣዋል። ደግሞም መሃል ማለት ካርታው ላይ ያለው መሃል አይደለም። የእናንተ መሃል በየቀኑ የምትሄዱበት ነው። ወረቀት አውጡና አዘውትራችሁ የምትሄዱባቸውን አምስት ቦታዎች ጻፉ፦ ሥራ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ወላጆች፣ ሐኪም ቤት፣ የእምነት ቦታ። ከዚያ ቤቱን ከእነዚህ አንጻር ለኩት። ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቼዛሬ ማርኬቲ እ.ኤ.አ. በ1994 እንደጻፈው፣ ሰው በየትም አገር በቀን በአማካይ አንድ ሰዓት ገደማ ነው ለጉዞ የሚያውለው። እኔም ለመጀመሪያ ገዢ የምሰጠው መስመር እሱኑ ነው፤ ደርሶ መልሱ ከአንድ ሰዓት ብዙ ካለፈ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ደግማችሁ አስቡበት።

ዋጋ ስታወዳድሩም የመሸጫ ዋጋውን ብቻ አትያዙ። የወር ወጪያችሁን ደምሩ። የመሃሉ አፓርታማ የጋራ መዋጮ አለው፣ ለሊፍት፣ ለጥበቃ፣ ለጽዳት። የዳሩ ቤት ደግሞ ትራንስፖርት አለው፣ አንዳንዴም ሁለተኛ መኪና ያስገዛል፣ ጣሪያውና አጥሩም የራሳችሁ ራስ ምታት ነው። ሁለቱን ከብድሩ ወርሃዊ ክፍያ ጋር ስትደምሩ ረከሰ ያላችሁት ቤት ብዙም ያልረከሰ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ነባር ሰፈር ወይስ አዲስ?

ነባር ሰፈር ሁሉን ነገር ያሳያችኋል። ውኃው ይመጣል አይመጣም፣ መብራቱ ይጠፋል አይጠፋም፣ ጎረቤቱ ምን ዓይነት ነው፣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ። ጉድለቱ እርጅናው ነው፤ ቧንቧው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ የመኪና ማቆሚያ እጥረቱ። እነዚህን ለማደስ የሚወጣውን ከመግዛታችሁ በፊት በባለሙያ አስገምቱት።

አዲስ መንደር ላይ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ሰፈሩ ግን ገና አልተወለደም። እዚህ ትምህርት ቤት ይሠራል፣ እዚያ መንገድ ያልፋል ይባላል። «ይሠራል» እና «ተሠርቷል» በጣም የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ እባካችሁ ቆሞ ለምታዩት ነገር ብቻ ክፈሉ። ቃል የተገባው ሁሉ ከተፈጸመ የቤቱ ዋጋ ሊጨምር ይችላል፣ እሱን አልክድም። ግንባታው ቢዘገይ ግን ኪራይም ብድርም ባንድ ላይ የምትከፍሉበት ጊዜ ይመጣል። ያንን ለአንድ ዓመት የሚሸከም ቁጠባ የሌለው ሰው ነባሩን ሰፈር ቢመርጥ ይሻለዋል። ቁጠባውም ትዕግሥቱም ያለው አዲሱን ይሞክር።

ዋና መንገድ ዳር ወይስ ገባ ብሎ?

ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን ከክፍል ብዛት አስቀድመዋለሁ። ዶናልድ አፕልያርድ የተባለ የከተማ ፕላን ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሚመሳሰሉ መንገዶችን አወዳድሮ ነበር። በቀን 2,000 ገደማ መኪና በሚያልፍበት መንገድ የሚኖር ሰው በዚያው መንገድ ላይ በአማካይ ሦስት ጓደኞች ነበሩት። 16,000 ገደማ በሚያልፍበት ላይ ግን አንድ እንኳ አይሞሉም፣ 0.9 ነበሩ። መኪናው ሲበዛ ሰው በሩን ይዘጋል፣ ልጆችን አያወጣም፣ ጎረቤትም አይተዋወቅም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እያልን ያደግን ሰዎች ይሄንን በቀላሉ ማለፍ የለብንም።

ድምፁም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ለሌሊት ያስቀመጠው መጠን ከቤት ውጭ 40 ዴሲቤል ነው፤ ትልቅ መንገድ ዳር ያለ መኝታ ቤት ከዚህ በጣም ያልፋል። የመንገድ ዳሩ ቤት ጥቅሙ ትራንስፖርት ደጃፍ መሆኑና የታችኛውን ክፍል ለሱቅ ማከራየት መቻሉ ነው። ነግዳችሁበት የምትጠቀሙ ካልሆነ ሦስትና አራት ደቂቃ በእግር ወደ ውስጥ የሚያስገባውን ፈልጉ፤ ለመጓጓዣውም ለእንቅልፉም ይሆናል።

ሁለት ቦታዎች ከቀሯችሁ ደግሞ ሁለቱንም ሦስት ሦስት ጊዜ ሂዱባቸው፣ ያለ ደላላ። አንዴ በሥራ ቀን ጠዋት፣ ወደፊት በምትጠቀሙበት ትራንስፖርት፣ ሰዓት ይዛችሁ። አንዴ ከመሸ በኋላ፣ በእግራችሁ። አንዴ ደግሞ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ውኃ የት እንደሚተኛና ጎርፍ በየት እንደሚወርድ እንድታዩ። ነዋሪዎቹን «ሰፈሩ ጥሩ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም ጥሩ ነው ነው የሚላችሁ። «እዚህ ስትኖሩ የሚያስመርራችሁ ምንድን ነው?» በሏቸው። ያኔ ስለ ውኃው፣ ስለ ሌሊቱ ሙዚቃ፣ ስለ መንገዱ ጭቃ ሁሉንም ይነግሯችኋል።

ባልና ሚስት ሆናችሁ የምትገዙ ከሆነ ቤት ማየት ከመጀመራችሁ በፊት የማትደራደሩባቸውን ሦስት ሦስት ነገሮች ለየብቻ ጽፋችሁ ተለዋወጡ። አንዱ ጸጥታ ብሎ ሌላው ለእናቴ ቅርብ ካለ፣ ያንን ቁጭ ብሎ መነጋገር ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ከመጨቃጨቅ ይቀላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም እኩል ከሆኑባችሁ፣ የመጀመሪያ ቤታችሁ የመጨረሻችሁ ላይሆን ይችላልና ነገ ብትለቁት ቶሎ ተከራይ ወይም ገዢ የሚያገኘው የትኛው እንደሆነ በሁለቱም ሰፈር ቤት የሚያከራዩ ሰዎችን ጠይቁ። ባለፈው ዓመት ቤታቸው ስንት ወር ባዶ እንደቆመ ይንገሯችሁ፣ ትንሽ ጊዜ ባዶ የቆመበትን ያዙ።